የወረቀቱ ሰውዬ ኩላሊት

ኤልቪራ ፓቫኔሎ ሞታ የተገኘችው ከወረቀት ሰውዬ አጠገብ ነው። እሷ ወለሉ ላይ ነበረች፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ። እሱ ሆዱ ተከፍቷል፤ እሷ ጭንቅላቷ።

ኢንስፔክተር ቴሬንዚዮ ማራንጎን በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱንም እኩል አያቸው። እኩል ማየቱንም ልብ ብሏል። ሚስቱ አዴሌ በመጋቢት ካረፈች ወዲህ ሰውም ወረቀትም፣ ሾርባም ዝናብም ለሱ አንድ ሆነውበታል። አላለቀሰም፣ እንቅልፍ አጣሁም አላለም። ጠዋት ተነስቶ ጢሙን ተላጭቶ ሥራ ይገባል። እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም፣ ምንም አይሰማውም።

ሬሳው አጠገብ የተንበረከከው ዶክተር ኡምቤርቶ ዳል ማሶ ቀና ሳይል፣ «ቁርስ በላህ?» አለው።

«በላሁ።»

«ውሸታም!»

ኡምቤርቶ የፖሊስ አስከሬን መርማሪ ነው። ጡረታው ደርሷል። በነዚያ በመጋቢት ቀናት ቴሬንዚዮን እጁን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ያዞረው፣ ወረቀቱን ሁሉ ያስጨረሰለት እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴሬንዚዮ ወዳጅ የሚለው ሌላ ሰው የለውም፤ የነበሩትም «ደህና ነኝ» ሲላቸው አምነውት ቀስ በቀስ ቀርተዋል።

«ተገፍታ ነው» አለ ኡምቤርቶ፣ በመጽሐፍ መጭመቂያው ብረት ጠርዝ ላይ ያለውን ደም እያሳየ። «ወደ ኋላዋ ወድቃ በዚህ ተመታች። ትናንት ሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሞተችው። ምሳዋ በጨጓራዋ ምን ያህል እንደተፈጨ ከፍቼ ሳይ ደግሞ አረጋግጥልሃለሁ።»

ኤልቪራ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የአሮጌ መጻሕፍት ጠጋኝ ናት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። በዚህ በአሮጌው የሕክምና መጻሕፍት ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነበር፤ ሰው የገዛ ሆዱን ውስጥ በመጽሐፍ ላይ እንዴት ሲስል እንደኖረ፣ የአምስት መቶ ዓመቱ ሥዕል ሁሉ የሚታይበት። የወረቀቱ ሰውዬ የኤግዚቢሽኑ አውራ ነው። በአንድ ሉህ ላይ የታተመ፣ እርቃኑን የተቀመጠ ሰው ነው። የሆዱ ቆዳ እንደ መስኮት ይገለጣል፤ ከሥሩ ጉበት አለ፣ ከጉበቱ ሥር ጨጓራ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ኩላሊቶች። ሁሉም ለየብቻቸው ተቆርጠው የተለጠፉ ናቸው። ድሮ ሬሳ የማያገኝ ተማሪ እነሱን እየገለጠ ነበር የሚማረው።

ሳጅን ኒቬስ መዝገቡን እያገላበጠች መጣች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። የዳል ማሶ አትላስ፣ የሰውነት ክፍሎቹ መጽሐፍ፣ በእጅ የተሳሉት ሥዕሎች ሃያ አራት መሆን ነበረባቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ቁጥር አሥራ ሁለት የለም። ክንድና እጅ ነው ይላል።»

ኡምቤርቶ ሳቀ። «የአባቴን ሥዕል? እኔ በነፃ የሰጠኋቸውን? እዚህ ቤት ስንትና ስንት ውድ ነገር ተቀምጦ የአባቴን እጅ የሚሰርቅ ምን ዓይነት ደንቆሮ ሌባ ነው!»

«የሟቹን ሐኪም የዳል ማሶን ነው?» አለች ኒቬስ። «እህቴ ነርስነት ስትማር በዚያ አትላስ ነው የተማረችው።»

«የማንም እህት በዚያ ነው የተማረችው» አለ ኡምቤርቶ ጓንቱን እያወለቀ።

ቴሬንዚዮ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ከወረቀቱ ሰውዬ ኩላሊቶች ጠርዝ የዱቄት ሙጫ ትንሽ ወጣ ብሎ ደርቋል። ሌላ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ይህንን በማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ለምን እንደጻፈው ግን አላወቀም።

*

ተጠርጣሪ ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ኦሊንዶ ስኪያቮን የመጻሕፍት ቤቱ ዘበኛ ነው፣ ዕድሜው ስድሳ አንድ። ሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከኤልቪራ ጋር በሕንፃው ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። በዚያ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ከአንድ ገዳም የድሮ ካርታ ሰርቆ አራት ዓመት ታስሯል። መርማሪ ዳኛው ይህን ሲሰሙ ብዕራቸውን አወጡ። ቴሬንዚዮ ለምኖ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት በጣቢያው እስር ክፍል እንዲቆይ አስፈቀደ። ከዚያ በኋላ ኦሊንዶ ወህኒ ይወርዳል።

«እዚያ ከተመለስኩ በሕይወት አልወጣም» አለ ኦሊንዶ። ማልቀስ የጨረሰ ሰው ፊት ነበረው። «ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምልዎት። ልቤ ደካማ ነው። ጓደኛዎ ዶክተሩ እንኳን አይተው አዝነውልኝ የደም ግፊት መድኃኒት አምጥተውልኛል።»

«ሰኞን ይንገሩኝ።»

«እንደ ሁልጊዜው ነው። ለምሳ ስድስት ተኩል ላይ ዘግቼ ወጣሁ። ስምንት ተኩል እስክመለስ በረንዳው ቡና ቤት ካርታ ስንጫወት ነበር፤ አራት ሰው ይመሰክራል። ግን ለምሳ ሰዓት ማን ጠየቀኝ? የምትጠይቁኝ ለምሽቱ ነው፤ ለምሽቱ ደግሞ ምስክሬ መጥረጊያዬ ብቻ ነው።»

«ኤልቪራ ለምሳ አትወጣም?»

«እሷ? በሯን ቆልፋ ከሥራዋ አጠገብ ነው የምትበላው። ከምሳ ስመለስ መዝጊያው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ አየሁ። ጨርቁ ካለ አይገባም፤ እርጥብ ወረቀት ዘርግታለች ማለት ነው፣ በር ሲከፈት ነፋሱ ያበላሽባታል። እኛ ቤት ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ያንን ጨርቅ ሲያይ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ላይ ዘግቼ ሄድኩ፤ የራሷ ቁልፍ አላት። ጠዋት ስመጣ ጨርቁ እንደታሰረ ነው። ያኔ ደነገጥኩና ከፈትኩ።»

«ሰኞ የወረቀቱን ሰውዬ እየጠገነች ነበር?»

«ኧረ የለም! ገና አልነካችውም። አጠገቧ ያስቀመጠችው ልታየው ነው፤ 'መጀመሪያ ሰውን በደንብ ማየት ነው' ትላለች። ሰኞ የያዘችው የዶክተሩን አባት ሥዕሎች ነበር።»

ቴሬንዚዮ ማስታወሻውን ገለጠ። ሰውዬውን ካልነካችው ኩላሊቶቹን የለጠፈው ሌላ ሰው ነው።

ሲወጣ ኦሊንዶ ከኋላው፣ «እስር ቤት የነበረን ሰው ማን ይቀጥራል ብለው ነው?» አለው። «እሷ ናት ቁልፉን እጄ ላይ ያስቀመጠችው። እኔ ነኝ የምገድላት?»

ቴሬንዚዮ ዞሮ አየው። ሊያዝንለት እንደሚገባ ገባው፣ ነገር ግን ምንም ስላልመጣለት በሩን ዘጋ።

*

ረቡዕ ጠዋት ፕሮፌሰር አልቪዜ ቦናቶ ዘንድ ሄደ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የሰውነት ክፍሎች አስተማሪ የነበሩ፣ አሁን የሥዕሎቹን ታሪክ የሚጽፉ፣ ኤግዚቢሽኑንም ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓርብ ከኤልቪራ ጋር በጩኸት እንደተጣሉ ኒቬስ ሰምታ ነበር። ቴሬንዚዮ የወረቀቱን ሰውዬ በካርቶን አድርጎ ይዞላቸው ገባ።

«አዎ ተጣላን!» አሉ ሳይጠየቁ። «ከአንዱ ሥዕል ሥር የሰው ስም ይጻፍልኝ አለች። የሠዓሊው ነው እንዴ ብላት፣ 'የተሳለው ሰው' አትለኝም? የተሳለው ሰው! እንግዲህ ለአምስት መቶ ዓመት ሬሳ ስም ልንፈልግ ነው? ጮህኩባት። ልቧ እንደዚያ መሰበሩን ባውቅ ኖሮ አልጮህም ነበር።»

«ስንተኛውን ሥዕል ነበር?»

«አልጠየቅኳትም። ጆሮዬን ስለያዝኩ።»

ቴሬንዚዮ ካርቶኑን ከፈተ። «ፕሮፌሰር፣ ኩላሊቶቹን ይዩልኝ። ሰኞ ዕለት አንድ ሰው መልሶ ለጥፏቸዋል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሆዱን ገለጡ። እጃቸው በጣም ስለሚንቀጠቀጥ ጉበቷን ለመያዝ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቁ።

«ማነው ይኼ ጎበዝ? አስተካክሎታል እኮ!»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የኔ ልጅ፣ ያንተም የኔም ቀኝ ኩላሊት ከግራው ዝቅ ይላል፤ ጉበት ይጫነዋል። የጥንት ሐኪሞች ግን በእንስሳ አይተው ቀኙ ነው ከፍ የሚለው ይሉ ነበር። የዚህ ሰውዬ ቀኝ ኩላሊት አራት መቶ ዓመት ሙሉ ከላይ ነው የነበረው፣ በስህተት። ይኸው አሁን አውርደውታል።»

«ማን ነው እንደዚህ የሚሳሳተው?»

«ዘበኛ ቢሆን የድሮውን የሙጫ ጠባሳ እያየ በቦታው ይመልሰዋል። እኔ ብሆን ስህተቱን በልቤ ስለማውቀው እንደ ስህተቱ አደርገዋለሁ። እንዲህ የሚሳሳተው እውነተኛውን ሆድ በየቀኑ የሚከፍት፣ ይህንን ሉህ ግን ልብ ብሎ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ሳያስበው እጁ ነው ያስቀመጠለት።» እጃቸውን ዘርግተው መንቀጥቀጡን አሳዩት። «እኔን ለመጠርጠር ከመጣህ ደግሞ በዚህ እጅ ቴምብርም አልለጥፍ።»

ቴሬንዚዮ ካርቶኑን መልሶ ዘጋ። በየቀኑ ሆድ የሚከፍት ሰው ከተማው ውስጥ ብዙ ነው፤ ሦስት ሆስፒታል ሙሉ። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ።

«ጠባሳውን አላምንም ካልክ» አሉ ሽማግሌው፣ «ኤልቪራ ነገር ከመንካቷ በፊት ፎቶ ታነሳለች፣ ነክታም ታነሳለች። ካሜራዋን ፈልግ።»

*

ካሜራው ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ነበር። ፊልሙ እንዳለ ነው፤ ማንም አሳጥቡት አላለም። ኒቬስ ፎቶ ቤት ወስዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ፖስታ ይዛ ተመለሰች።

የወረቀቱ ሰውዬ ሰባት ጊዜ ተነስቷል። በሁሉም ላይ ቀኝ ኩላሊቱ ከላይ ነው። ፕሮፌሰሩ ልክ ነበሩ።

ሥዕል ቁጥር አሥራ ሁለት ሁለት ጊዜ ተነስቷል። በመጀመሪያው ክንዱ ከክርን ጀምሮ ተገልጦ ጅማቱ ይታያል፣ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው፤ ዓለም በአትላሱ ላይ የሚያውቀው እጅ ነው። በሁለተኛው ግን ከትንሿ ጣት ጫፍ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተላቅቃ ጎን ተቀምጣለች። ኤልቪራ ስታርሰው የለቀቀ ልጣፊ ነው። ከልጣፊው ሥር የነበረው ጣት ጫፉ የተቆረጠ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ ያየውን ስሏል፣ ቆይቶ ደግሞ ሸፍኖታል።

ቴሬንዚዮ ፎቶውን ይዞ ወደ ኦሊንዶ ወረደ።

«ይህን እጅ ያውቁታል?»

ኦሊንዶ ወደ መብራቱ አስጠጋው። «እጁን አላውቅም። ታሪኩን ነው የማውቀው። አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ቱሊዮ ልጅ ሳለ የትንሿን ጣቱን ጫፍ በወረቀት መቁረጫው ቆርጦታል። 'የኛ ቤት ማኅተም' ይሉት ነበር አለችኝ። በአርባ አራት፣ በጦርነቱ፣ ጀርመኖች ከተማውን በያዙ ጊዜ፣ አርበኛ ነህ ብለው ከጓደኞቹ ጋር ወሰዱት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ስትመላለስ ክረምቱ አለቀ፤ ሬሳውንም አልሰጧት።» ፎቶውን መለሰለት። «ይኼ ከየት መጣ?»

«ከአትላሱ።»

ኦሊንዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቴሬንዚዮ ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆመ። የአትላሱ ሠዓሊ ከሞተ አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ ሙት ደግሞ ኩላሊት አይለጥፍም።

*

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ለኦሊንዶ አራት ሰዓት ቀርቶታል።

ቴሬንዚዮ የኤግዚቢቱን ዝርዝር ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ብሩሽ፣ ስምንት። መቀስ፣ ሁለት። የሴት ካፖርት፣ አንድ። በሦስተኛው ገጽ ላይ የኒቬስ ጥንቁቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ ክዳን ያለው የአሉሚኒየም የምሳ ዕቃ፣ አንድ። በውስጡ ፖሌንታ (የበቆሎ ገንፎ) እና የደረቅ ዓሣ ወጥ። ያልተነካ።

እንደገና አነበበው። ከዚያ የሕክምናውን ሪፖርት አወጣ። «በጨጓራ ውስጥ ሰባት ሰዓት ገደማ የተበላ ምግብ ተገኝቷል፤ ከተበላ አምስት ሰዓት ያህል ሆኖታል» ይላል።

«ኒቬስ፣ የምሳ ዕቃውን ማን ከፈተው?»

«እኔ ጌታዬ። ሙሉ ነበር። ሹካዋ እንኳን በጨርቅ እንደተጠቀለለች ነው። ምነው?»

«ምንም።»

ምሳዋን ካልበላች ከምሳ በፊት ነው የሞተችው። በምሳ ሰዓት ኦሊንዶ ካርታ ይጫወት ነበር። ሪፖርቱ ደግሞ ተሳስቶ አይደለም፤ ሰው የሌለ ምግብ በስህተት አያይም። ቴሬንዚዮ ይህን ሁሉ የወዳጁን ፊርማ እያየ አሰበው። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እንዲንቀሳቀስ ጠበቀ፣ አልተንቀሳቀሰም፤ ካፖርቱን ለበሰ።

*

ኡምቤርቶ በሬሳ ክፍሉ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮው ውስጥ ፋይል ያስተካክል ነበር። ሁልጊዜ የሚያስተካክለው ነገር አያጣም።

«መጣህ? ተቀመጥ። ገርጥተሃል።»

«ኤልቪራ ሰኞ ምን በላች?»

«ሪፖርቱ ላይ ጽፌልሃለሁ እኮ።»

«ምሳዋ ኤግዚቢት ክፍል ነው ያለው። ሹካዋም አልተፈታችም።»

ኡምቤርቶ ፋይሉን ከሌላው ፋይል ጋር ጠርዙን አስተካክሎ አስቀመጠ። «ሌላ ቦታ በልታ ይሆናል።»

«ይሆናል። ሬሳዋ እዚሁ ነው ያለው። ከቬኒስ ሌላ ሐኪም ጠርቼ እንደገና ያያት?»

ቴሬንዚዮ ሁለቱን የእጅ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኡምቤርቶ በጣቱ ወደራሱ ሳባቸው።

«ፎቶ ማንሳቷን ረሳሁት» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። «አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲስል መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሬሳዎቹን ከጦር ሰፈሩ በጋሪ ነበር የሚያመጡለት። ያንን ጣት አስታውሰዋለሁ። 'ተማሪ ማየት ያለበት ሙሉ እጅ ነው' ብሎ ወረቀት ለጠፈበት። እኔ ነኝ ወረቀቷን የቆረጥኩለት።»

«ስሙን ታውቁ ነበር?»

«ቁጥር ነበራቸው።»

«ኤልቪራ ምን ፈለገች?»

«ስሙን። ሌላ ምንም። ሰኞ ጠዋት ደውላ ጠራችኝ፤ በምሳ ሰዓት ሄድኩ፣ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። አባትህን አልሰድብም፣ ጋዜጣም አልጠራም፣ ከሥዕሉ ሥር 'ቱሊዮ ፓቫኔሎ' ተብሎ ይጻፍልኝ አለች። ለመነችኝ ቴሬንዚዮ። የአባትህ ወራሽ አንተ ነህና ፍቀድልኝ አለች።»

«ታዲያ ስም ለመጻፍ ምን ነበረበት?»

«አንዱ ስም ካለው ሃያ ሦስቱስ የማን ናቸው ብሎ የማይጠይቅ አለ? አገሩ በሙሉ በዚያ መጽሐፍ ነው የተማረው። እኔ በዚያ ነው የተማርኩት። አባቴ ጥሩ አባት ነበር፤ ገባህ? ሥዕሉን ልወስድ ያዝኩ፣ አልለቅም አለች፣ ገፋኋት።»

«ወዲያው ሞተች?»

ኡምቤርቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ።

«ጠይቄሃለሁ።»

«ሃያ ደቂቃ ያህል።»

«አንተ በዚያ ሃያ ደቂቃ ምን ታደርግ ነበር?»

«ጠረጴዛውን አስተካክል ነበር። ስትወድቅ ሰውዬውን መትታው ኩላሊቶቹ መሬት ወድቀዋል። የምትሠራበት ሙጫ ገና ለስላሳ ነበር፤ በቦታቸው መለስኳቸው። ጨርቁን በሩ ላይ አሰርኩ። ሥዕሉን ቤቴ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።»

«በቦታቸው አይደለም የመለስካቸው። የዚያ ሰውዬ ቀኝ ኩላሊት ከላይ ነበር።»

«ቀኙ ዝቅ ነው የሚለው» አለ ኡምቤርቶ፣ ለአንድ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው። ከዚያ ገባው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኦሊንዶን ልትተወው ነበር?» አለ ቴሬንዚዮ።

«መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ።»

ኡምቤርቶ ራሱ ተነስቶ መብራቱን አጠፋ፣ ካፖርቱን ለበሰ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ቴሬንዚዮን አሳለፈውና ከኋላው ወጣ። ኒቬስ ኮሪደሩ ላይ ካቴናውን ይዛ ትጠብቅ ነበር።

*

መርማሪ ዳኛው የመፍቻውን ትእዛዝ ሲፈርሙ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቴሬንዚዮ ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብሎ ራሱ ወረደ።

ኦሊንዶ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ለወህኒ ቤት መኪናው ተዘጋጅቶ ነው።

«ደረሱ?»

«አይ። ይሂዱ ወደ ቤትዎ። ተፈትተዋል።»

ሰውዬው አልተነሳም። ቴሬንዚዮን ከላይ እስከ ታች አየው፤ በዚህ ዕድሜው ብዙ ተቀልዶበታል። «ማን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ዶክተሩ ናቸው። ዳል ማሶ።»

«መድኃኒት ያመጡልኝ?»

«አዎ።»

ኦሊንዶ ቀስ ብሎ ተነሳ። እሰይ አላለም፣ አልተራገመም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እንደሚቆመው ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ጓደኛዎ አልነበሩ እንዴ?» አለ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

በመጋቢት ይህን ቃል ከሁለት መቶ ሰው ሰምቶታል። ሁሉንም አመሰግናለሁ ብሎ እየጨበጠ አሳልፏቸዋል። አሁንም አመሰግናለሁ ሊል አፉን ከፈተ፣ ግን ቃሉ አልወጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ስምንት ወር ያልመጣው መጣ፤ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ፣ በሩ እንደተከፈተ አለቀሰ። ለአዴሌም ነበር፣ የወንድሟን ስም ስትለምን ለሞተችው ሴትም ነበር፣ በኮሪደር ለተወሰደው ወዳጁም ነበር፤ ለየትኛው እንደሆነ ራሱም አልለየውም።

ኦሊንዶ በሩንም እሱንም አየ። መሄድ ይችላል፤ ማንም የሚያስቆመው የለም። ባርኔጣውን መልሶ አልጋው ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ።